ኢብራሂም ሃማድቱን እስቲ እንደ ተጫዋች እንየው

ባክሃንድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ያ የታወቀ ቪዲዮ እንደገና እየዞረ ነው። ሁለት ክንድ የሌለው ግብፃዊ ራኬቱን በጥርሱ ነክሶ ጠረጴዛ ቴኒስ የሚጫወትበት። ከሥሩ የተጻፉትን አስተያየቶች አነበብኩ። "ተአምር ነው።" "እኛ ሁለት እጅ ይዘን እንሰንፋለን።" "አለቀስኩ።" ሁሉም ከልቡ ነው የጻፈው፣ አልጠላሁትም። ግን ወደ ታች ብወርድ ብወርድ ስለ ጨዋታው የጻፈ አንድ ሰው አጣሁ። ሰርቩ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚያስጀምርበት ምት፣ እንዴት ነው? ወደ የትኛው ጥግ ሲመቱበት ይቸገራል? ኳሷ ስትቀርበው ምን ያደርጋል? እስቲ እዚህ እንኳን እሱን እናውራ።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ኢብራሂም ሃማድቱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በ10 ዓመቱ በባቡር አደጋ ሁለቱንም ክንዶቹን አጣ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከቤት አልወጣም። በመንደሩ ልጆች የሚጫወቱት ሁለት ነገር ነበር፤ እግር ኳስና ጠረጴዛ ቴኒስ። እግር ኳሱን ሞክሮታል። ወደ ጠረጴዛው ያመጣው ግን ክርክር ነው። ሁለት ጓደኞቹ ሲጫወቱ እሱ ነጥብ ይቆጥር ነበር። አንዷን ነጥብ ለአንዱ ሲሰጥ ሌላው ተናደደበት። አንተ በማትጫወተው ጨዋታ ምን አገባህ አለው። ይህን ራሱ ኢብራሂም ነው በቃለ መጠይቅ ያወራው።

እልህ ያዘው። መጀመሪያ ራኬቱን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ፣ አልሆነለትም። በመጨረሻ በአፉ ያዘው። ለመልመድ ሦስት ዓመት በየቀኑ መሥራት ነበረበት።

አሁን ሰርቩን ተመልከቱ። ቀኝ እግሩ ባዶ ነው፣ ጫማ የለበትም። ኳሷን በእግሩ ጣቶች ቆንጥጦ ያነሳታል። ከዚያ በግራ እግሩ ብቻ ቆሞ ወደ ላይ ይወረውራታል። ኳሷ 2.7 ግራም ብቻ ናት፣ ትንሽ ከጠነከረባት ትሄዳለች። ስትወርድ አንገቱን ያዞርና ይመታታል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ እግሩ ገና ወደ መሬት እየተመለሰ ነው። ማለትም ተቀናቃኙ ኳሷን ሲመልስ ኢብራሂም በሁለት እግሩ ቆሞ ለመጠበቅ ያለው ጊዜ ከማንም ያነሰ ነው። እኔ ቪዲዮውን ቀስ አድርጌ ደጋግሜ ያየሁት እዚህች ጋ ነው። እግሩን የሚያሳርፍበትን ቦታ ይመርጣል። ዝም ብሎ አይጥለውም። ቀጣዩዋን ኳስ ወደሚጠብቅበት በኩል ነው የሚያሳርፈው።

ውድድሩን በተመለከተ፣ በ2011ና በ2013 በአፍሪካ ፓራ (የአካል ጉዳተኞች) ጠረጴዛ ቴኒስ ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ አገኘ። በ2014 ቪዲዮው ዓለምን ሲያዳርስ ቶኪዮ ላይ ወደተካሄደው የዓለም የቡድን ሻምፒዮና በእንግድነት ተጠርቶ ከእነ ቻይናዊው ኮከብ ማ ሎንግ ጋር ተጫወተ። ከዚያ ሪዮ 2016 መጣ። የመጀመሪያ ፓራሊምፒኩ ነው፣ ዕድሜው 43። በ48 ዓመቱ ደግሞ ቶኪዮ ፓራሊምፒክ ላይ ተመለሰ።


ሰኞ ማታ፦

ስለ ከፈትከው አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ኳስ በእግር መወርወር ሕጉ ይፈቅዳል እንዴ? እኔ የማውቀው ኳሷ በተዘረጋ መዳፍ ላይ መሆን እንዳለባት ነው።


ውጤት ቆጣሪ፦

እኔ ልመልስ፣ ለረጅም ጊዜ ዳኝቻለሁ። ልክ ነህ፣ ሕጉ የሚለው እንደዚያ ነው። ኳሷ ክፍት በሆነ መዳፍ ላይ ትሆናለች፣ ቢያንስ 16 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ትወረወራለች፣ ስትወርድ ትመታለች። ግን እዚያው ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ። ተጫዋቹ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ይህን ማሟላት እንደማይችል ዳኛው ካመነ ከሰርቩ ግዴታዎች ሊያላላለት ይችላል።

ይህ ማለት ግን እንደፈለግህ ምታ ማለት አይደለም። የሚላላው በጉዳቱ ምክንያት የማይቻለው ነገር ብቻ ነው። አንድ እጅ ያለው ሰው ለምሳሌ በዚያው በራኬት እጁ ኳሷን ይወረውራል። ወይም የክንዱ ቅሪት ላይ አስቀምጦ ያነሳታል። ጠረጴዛው ያው ነው፣ 2.74 በ1.525 ሜትር። መረቡም ያው 15.25 ሴንቲ ሜትር። ለማንም ዝቅ አይልም። ሰው ይህን አያውቅም። ፓራ ሲባል ጠረጴዛው የሚያንስ የሚመስላቸው አሉ።

ለመዳኘት ሲሄዱ ከባዱ ነገር ደግሞ ይሄ ነው፤ ማላላቱንም ማጥበቁንም ለሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ማድረግ። አዝነህ የምትሰጠው ነጥብ ከሌላው የምትነጥቀው ነጥብ ነው።


ጥግ ለጥግ፦

ሁላችሁንም አከብራለሁ ግን ልናገር። ኢብራሂም ሪዮ ላይ ሁለቱንም የነጠላ ግጥሚያ ተሸነፈ። ቶኪዮም ላይ ከመጀመሪያው ዙር የምድብ ጨዋታ አላለፈም። እንደ ተጫዋች እንየው ካላችሁ እንደ ተጫዋች ውጤቱ ይህ ነው። እንዲህ ተራግቦ ሲወራለት፣ ወርቅ ላይ ወርቅ የደረደሩ ፓራ ተጫዋቾች ስማቸው አይነሳም። ናታሊያ ፓርቲካን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም።


ባክሃንድ፦

@ጥግ ለጥግ፣ ጥሩ ነው ያነሳኸው። መሸነፉን አልደብቅም። እንዲያውም ከጨዋታው ጋር ሲታይ ነው ሽንፈቱ ትርጉም የሚኖረው።

ሪዮ ላይ የገጠሙት እነማን ናቸው? ብሪታንያዊው ዴቪድ ዌዘሪልና ጀርመናዊው ቶማስ ራው። ዌዘሪል ለንደን 2012 ላይ ወደ ጎን ተወርውሮ፣ አየር ላይ ተዘርግቶ በመታት ኳስ የታወቀው ነው። ሁለቱም ጠንካራ ተጫዋቾች ናቸው። ኢብራሂም የሚጫወተው ምድብ 6 ነው፤ በፓራ ጨዋታ ተጫዋቾች በጉዳታቸው መጠን በምድብ ይከፈላሉ። ቆመው ከሚጫወቱት ውስጥ ጉዳታቸው ከባድ የሆኑት የሚመደቡበት። ራኬት በአፍ የሚይዝ ሰውም እዚያ ነው የሚገባው። ግን እዚያ ያሉት ሌሎቹ ባብዛኛው ራኬቱን በእጅ ነው የሚይዙት። እግራቸው ወይ ክንዳቸው ተጎድቶ ይሆናል፣ የእጅ አንጓ ግን አላቸው።

የእጅ አንጓ ማለት በዚህ ጨዋታ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ለሽክርክሪቱ ትልቅ ድርሻ አለው። ኢብራሂም አንጓ የለውም፣ አንገት ነው ያለው። አንገት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል እንጂ እንደ አንጓ አይገለበጥም። ስለዚህ ራሱ የሚያሽከረክራት ኳስ ትንሽ ናት። የተቀናቃኙን ፍጥነት ተቀብሎ መመለስ ነው ዋናው መሣሪያው። አቅጣጫ ነው የሚያስቸግራቸው። ጭንቅላቱን ዞር ሲያደርግ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ቶሎ አይነበብም፣ ምክንያቱም ሌላው ተጫዋች የለመደው ትከሻና ክንድ ማንበብ ነው።

ድክመቱም ግልጽ ነው። ክንድ ያለው ሰው ቆሞ የሚደርስባትን ኳስ እሱ በእግሩ ሄዶ ነው የሚያገኛት። መረቡ ጥግ ላይ አጭር ብታደርግበት ደግሞ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው ማጎንበስ አለበት። ተጎንብሶ ከተመለሰ በኋላ ረጅም ኳስ ወደ ሌላው ጥግ ከላክህ አለቀ። ዌዘሪልም ራውም ይህን ሳያዩ አይቀሩም። አላዘኑለትም፣ ተጫወቱት። እኔ ያከበርኳቸው ለዚህ ነው።


ባለጎማ፦

ዊልቸር ላይ ነው የምጫወተው። ከምድብ 1 እስከ 5 ያለነው ተቀምጠን ነው የምንጫወተው፣ ከ6 እስከ 10 ቆመው፣ 11 ደግሞ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ናቸው። ቁጥሩ ሲያንስ ጉዳቱ ይከብዳል።

"አላዘኑለትም፣ ተጫወቱት" ያልከው ገብቶኛል። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ክለብ ውስጥ ከቆሙት ጋር እለማመድ ነበር። ሁሉም ኳሷን ወደ መሃል፣ ወደ ደረቴ ነበር የሚልኩልኝ። ቀስ ብለው። ስመልስ ያጨበጭባሉ። ስድስት ወር እንደዚያ ተጫወትኩና የተሻልኩ መሰለኝ። የመጀመሪያ ውድድሬ ላይ ተቀናቃኜ፣ እሱም ዊልቸር ላይ ያለ፣ ሦስተኛዋን ኳስ አጭር አድርጎ በጠረጴዛው ጎን አወጣት። እጄን ዘረጋሁ። አልደረስኩም። ቀጣዩንም እንደዚያ። ቀጣዩንም። 11 ለ 2። ያን ቀን ነው ምን ያህል እንደተታለልኩ የገባኝ። ማንም ክፉ አላደረገብኝም፣ ግን ስድስት ወር ወስደውብኛል።

ስለኛ ጨዋታ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በዊልቸር ሰርቭ ላይ ኳሷ ከተቀባዩ ጠረጴዛ በጎን ከወጣች ሰርቩ ይደገማል። በኋላኛው ጠርዝ በኩል ነው መውጣት ያለባት። ተቀባዩ ቀድሞ ከመታት ግን ጨዋታው ይቀጥላል። ልውውጡ ከተጀመረ በኋላ ግን በጎን ማውጣት ይቻላል። ጦርነቱ ያለው እዚያ ነው። ዝቅተኞቹ ምድቦች ውስጥ ኳሷን ከፍ አድርገው ወደ ኋላ በሚያሽከረክር ምት መረቡ አጠገብ ይጥሏታል፣ ነጥራ ወደ ራሳቸው ትመለሳለች። አንተ ወንበርህ ላይ ነህ። እግርህ መሬት መንካት አይችልም። ከመታህ በኋላ ሚዛንህን ለመጠበቅ በባዶው እጅህ ጠረጴዛውን መደገፍ ትችላለህ፣ ጠረጴዛው እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ። ሳትመታ በፊት ግን ከነካህ ነጥቡ የሌላው ነው።

እና ይህን ሁሉ እያሰብኩ ስጫወት ከጎን "ጎበዝ፣ ተስፋ አትቁረጥ" የሚለኝ አለ። ተስፋ አልቆረጥኩም። 9 ለ 9 ነኝ። ሰርቩን የት እንደምልክ ነው የማስበው።


ግራ እጅ፦

ፓርቲካ ስትነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ተከታትያታለሁ።

ናታሊያ ፓርቲካ በ1989 ፖላንድ፣ ግዳንስክ ተወለደች። የቀኝ እጇና ከክርኗ በታች ያለው ክንዷ ከትውልድ የለም። በ7 ዓመቷ ጀመረች፣ ታላቅ እህቷ ትጫወት ስለነበር ነው። ሲድኒ 2000 ላይ ፓራሊምፒክ ስትገባ 11 ዓመቷ ነበር። አስራ አንድ! አቴንስ 2004 በነጠላ ወርቅ። ቤጂንግ ወርቅ። ለንደን ወርቅ። ሪዮ ወርቅ። አራት ጊዜ በተከታታይ። ቶኪዮ ላይ ነው በግማሽ ፍጻሜ በአውስትራሊያዊቷ ያንግ ቺየን ተሸንፋ ነሐስ የያዘችው። በቡድን ግን ያኔም ወርቅ አገኘች።

ይህ ግን ግማሹ ነው። ከ2008 ቤጂንግ እስከ ቶኪዮ ድረስ ኦሊምፒኩም ላይ ተጫውታለች። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ከተማ ሁለቱም ላይ። መጀመሪያ ኦሊምፒክ፣ ከሳምንታት በኋላ ፓራሊምፒክ። ለንደን ላይ በኦሊምፒኩ ነጠላ ከመጨረሻዎቹ 32 ውስጥ ገብታለች። ሌሎችም ይህን መንገድ ሄደዋል። አውስትራሊያዊቷ ሜሊሳ ታፐር ሪዮ ላይ፣ ብራዚላዊቷ ብሩና አሌክሳንድሬ ፓሪስ 2024 ላይ፣ ሁለቱንም ተጫውተዋል።

የፓርቲካን ሰርቭ ካያችሁት፣ ኳሷን በቀኝ ክርኗ እጥፋት ላይ ታስቀምጣለች። እዚያ ትንሽ ጎድጓዳ ነገር አለ። ከዚያ ክንዷን ወደ ላይ ነጠቅ ታደርጋለች። ኳሷ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። እኔ በመዳፌ ስወረውር እንኳን እንደዚያ ቀጥ አትልልኝም።

@ጥግ ለጥግ፣ ስለዚህ አንድ ነገር ላይ እስማማለሁ። ስሟ መነሳት አለበት። ግን የእሱን ስም ቀንሰን አይደለም። የእሷ ምድብ 10ና የእሱ ምድብ 6 አንድ መለኪያ ላይ አይቀመጡም። ምድብ የተፈጠረው ለዚህ ነው።


እናቷ፦

እዚህ መድረክ ላይ ጽፌ አላውቅም፣ ይቅርታ ካጠፋሁ። ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ከትውልዷ የግራ እጇ ከክርኗ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የቆመው። ጠረጴዛ ቴኒስ ወድዳለች። መመለሱን በደንብ ይዛለች። ሰርቩ ግን አስለቀሳት። አሰልጣኟ ደግ ሰው ነው፣ ግን ሌላ ሰው ሰርቭ ያድርግላት፣ እሷ ከዚያ ትቀጥል ብሎ ነው የተወው። እሷ ደግሞ ይህን አልፈለገችም። ክርን ላይ ማስቀመጥ ያላችሁትን ሳነብ ልቤ ደነገጠ። እንዴት ነው የሚጀመረው?


ውጤት ቆጣሪ፦

እህቴ፣ ምንም አላጠፋሽም፣ እንኳን ጻፍሽ። በመጀመሪያ ይህን ለአሰልጣኙ ንገሪው፤ በነጠላ ውድድር ላይ ሌላ ሰው ሰርቭ አያደርግላትም። ስለዚህ አሁኑኑ የራሷን መንገድ ማግኘት አለባት። ውድድር ስትገባ ደግሞ ጨዋታው ሳይጀመር ለዳኛው ሰርቯን ታሳየው። እሱ አይቶ ይወስናል። መሃል ላይ ከሚያስቆማት ይሻላል።


ግራ እጅ፦

ያለ ራኬት ጀምሩ። ያለ ጠረጴዛም። ቆማ ኳሷን ክርኗ እጥፋት ላይ ታስቀምጥ፣ ወደ ላይ ታንሳ፣ በቀኝ እጇ ትቅለባት። ብቻ ይሄንን። ዋናው ስህተት ክንድን ወደ ፊት መወርወር ነው፣ ያኔ ኳሷ ትሸሻለች። ጉልበቷን ትንሽ አጥፋ በጉልበቷ ትነሳ፣ ክንዷ ብዙም ባይንቀሳቀስ ይሻላል። እዚያው ቦታ ስትቀልባት ነው ራኬት የምትይዘው።

ሌላው መንገድ ኳሷንም ራኬቱንም በቀኝ እጇ መያዝ ነው። ኳሷን በጣቶቿ ከራኬቱ ጋር አጣብቃ ትይዝና ወደ ላይ ትለቃታለች። ይህም ይሠራል፣ ብዙዎች ያደርጉታል። ግን የራኬት አያያዝን መሃል ላይ መለወጥ ያስፈልጋል፣ ለትንሽ እጅ ይከብዳል። ሁለቱንም ትሞክርና እሷ ትምረጥ። እሷ ትምረጥ ያልኩት አውቄ ነው።


ባለጎማ፦

እኔ አንድ ልጨምር። ስትለማመድ ስትስት ዝም በሉ። ስትሳካላትም ብዙ አታጨብጭቡ። ቁጠሩላት ብቻ።


ጥግ ለጥግ፦

ተመልሼ መጣሁ። ትናንት ማታ ያልታሰበ ነገር አደረግኩ። ራኬቴን አጥቤ በጥርሴ ያዝኩት፣ ወንድሜ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ኳስ ይልክልኝ ጀመር።

የማስበው ከባዱ ነገር መምታቱ እንደሆነ ነበር። አይደለም። ከባዱ ማየት ነው። ራኬቱ ከአፌ ወደ ጎን ሲወጣ ኳሷ የምትመታበት ቦታ ዓይኔ አጠገብ ነው። ኳሷ ስትቀርብ ትተልቅና ከመመታቷ በፊት ትጠፋለች። የመጨረሻዋን ስንዝር በግምት ነው የምትመታት። አፍህ ስለተዘጋ ደግሞ በአፍንጫህ ብቻ ነው የምትተነፍሰው። ወደ አምስት ደቂቃ ቆየሁ። ከዚያ መንጋጋዬ ከጆሮዬ ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያንዳንዷ ኳስ ጥርስ ላይ ትሰማለች። ሦስት ኳስ ነው ጠረጴዛ ላይ የመለስኩት፣ ሰርቭ አልሞከርኩም። ዛሬ ጠዋት አንገቴን ማዞር አልቻልኩም።

ስለ ውጤቱ ያልኩት ትክክል ነው፣ ተሸንፏል። ፍትሐዊ አይደለም ያልኩትን ግን መልሼ ወስጃለሁ። አሁን የአፍሪካውን ብር ስሰማ ሌላ ነገር ነው የምሰማው። እዚያ ፊት ለፊቱ የቆሙትን ሰዎች በዚህ መንጋጋ አሸንፎ ነው የደረሰው።


ባክሃንድ፦

@ጥግ ለጥግ፣ ስለ ማየቱ የጻፍከው ለእኔ አዲስ ነው። ቪዲዮውን ስንት ጊዜ አይቼ አላሰብኩትም። አሁን ተመልሼ ሳየው፣ ኳሷ ጠረጴዛው ላይ እንደነጠረች ቦታውን ወስኖ የጨረሰ ይመስላል። ለዚህ ነው ለካ ቀድሞ የሚቆመው። እግሩ የሚያርፍበትን ቦታ የሚመርጠውም ለዚሁ ነው። ኳሷ ዓይኑ ሥር ሳትገባ ሰውነቱን ቦታው ላይ ማድረስ አለበት።

አንገትህን አሙቅ።


እናቷ፦

ሦስት ቀን ሆነን። ያለ ራኬት የተባለውን ጀመርን። የመጀመሪያው ቀን ከሃያው አራት ቀለበች። ትናንት አስራ አንድ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ እቆጥራለሁ፣ አላጨበጭብም፣ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ነው የምቀመጠው።

ዛሬ ከመተኛቷ በፊት የፓርቲካን ሰርቭ አሳየኋት። ደጋግማ አየችው። ከዚያ እማዬ፣ እሷ ኳሷን የምታስቀምጣት ትንሽ ወደ ውስጥ ነው፣ እኔ ጫፍ ላይ ነው የማስቀምጣት አለችኝ። እኔ ያላየሁትን። ነገ ወደ ውስጥ አድርጋ ልትሞክር ነው።